የሰማያዊው ቀሚስ የጎን ስፌት

ለእትዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽስ እንዴት አድርጎሻል? ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናው ሳትነሺ የምትውዪ ከሆነ አሁንም ይዞሻል ማለት ነው። ባለቤትሽን ሳሉ ተወው? የጓሮው በር ማጠፊያ ተሠራ ወይስ ዛሬም በገመድ ነው የምታስሩት? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ስመጣ ከያዘኝ ጉንፋን በቀር ይህ ነው የሚባል ሕመም የለብኝም።

ይህን ሁሉ የምጠይቅሽ መልስ አገኛለሁ ብዬ አይደለም። ሰባት ወር ሙሉ ስልኬን አላነሳሽም። ደብዳቤዬንም ሳትከፍቺ ከጨርቅ ቁርጥራጩ ጋር እንዳትጠርጊው ፈርቼ ነበር፤ ኋላ ግን ጸባይሽ ትዝ አለኝና ተጽናናሁ። አንቺ ሰፋ ያለ ወረቀት መጣል አይሆንልሽም፣ ለልክ መቁረጫ ይሆናል ብለሽ ታስቀምጪዋለሽ። ሆን ብዬ በትልቅ ወረቀት የጻፍኩልሽ ለዚህ ነው። እጅጌ ልትቆርጪበት ስትዘረጊው ማንበብሽ አይቀርም። ብቻ ቶሎ ብለሽ ቁረጪ፣ ለመመለስ ሁለት ሳምንት ነው የቀረኝ።

የት እንዳለሁ ባለቤቴ ሳይነግርሽ አይቀርም። ከቤተ ክርስቲያናችን ከተውጣጡ ስድስት ሰዎች ጋር ለወንጌል ተልዕኮ ባሕር ተሻግሬ መጥቻለሁ። መቼም ለመዝሙር እንዳላመጡኝ አይጠፋሽም፣ ድምፄን ታውቂዋለሽ። ያመጡኝ ለመነጽር ነው። ጠዋት ጠዋት በአንድ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ የዓይን ሐኪማችን ይመረምራል፤ እኔ ደግሞ መነጽር ቤት እንደምሠራው ሁሉ፣ እሱ በጻፈው ቁጥር መሠረት መነጽሩን ከካርቶን አወጣለሁ፣ ጆሮና አፍንጫ ላይ ልክ እስኪሆን አስተካክላለሁ፣ ብሎኑን አጠብቃለሁ። ከሰዓት በኋላ ቤት ለቤት እንዞራለን፤ ወንጌላዊው ይሰብካል፣ እኛ እንጸልያለን። የምናድረው መምህራኑ በለቀቁልን ክፍሎች ነው። የእኔዋ ክፍል አንድ አልጋ፣ እግሩ የሚወዛወዝ አንድ ወንበርና በሩ ላይ ልብስ የሚሰቀልበት አንድ ሚስማር አላት። በሩ በቀጥታ ወደ መንገዱ ይከፈታል። ፊት ለፊቱ ቧንቧ አለ፤ ሰፈሩ ሁሉ ከዚያ ስለሚቀዳ ስወጣ ስገባ የማያየኝ ሰው የለም።

እትዬ፣ የዚህን አገር ሰው ዝምታ ብታዪ! ሰላምታቸው አንገት ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው። እንዴት አደርሽ፣ ቤተሰብ ደህና፣ ልጆች ደህና የሚባል ነገር የለም። ቤታቸው ስትገቢ ወንበር ይስቡልሽና አብረውሽ ቁጭ ይላሉ፤ በቃ። እስኪ እኔን አስቢኝ! ራዲዮኗን! ባትሪሽ አያልቅም ወይ እያልሽ ያሳደግሽኝን! የመጀመሪያውን ሳምንት አፌን እየበላኝ ነው ያሳለፍኩት። ወንጌላዊው ደግሞ አሜን የሚለው ሲያጣ ያልሰሙት እየመሰለው ድምፁን ከፍ፣ ከፍ ያደርጋል። በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ሐኪሙን ጥግ ወስደው፣ ለዓይን ይህን ሁሉ ካመጣችሁ ለዚህ ወንድማችሁ ጆሮ የሚሆን የላችሁም ወይ፣ አለመስማቱ ነው እኮ እንዲህ የሚያስጮኸው፣ ብለው ጠየቁት። ሐኪሙ ከዚያ ወዲህ ወንጌላዊውን ባየ ቁጥር ጆሮውን ይነካል።

ሳቅሽ? ባትስቂም ግድ የለም። ወደ ዋናው ነገር ላለመግባት ዙሪያውን እንደምዞር አንቺ ገና ሁለተኛው መስመር ላይ አውቀሻል።

ድንቡሼ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ቤትሽ መጣሁ። መኝታ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጠሽ የትምህርት ቤት ሹራቡን ጉልበትሽ ላይ አጣጥፈሽ ይዘሽ ነበር፤ ያችን አንድ ቁልፏ የወለቀችውን፣ ነገ እተክልልሃለሁ ስትዪው የነበረችውን። እኔ አጠገብሽ ተቀመጥኩና ጀመርኩ። እግዚአብሔር ዓላማ አለው አልኩሽ። የወሰደው የማይሳሳት እጅ ነው አልኩሽ። እንባሽን ጥረጊ፣ እምነትሽን የሚያዩ ሰዎች አሉ አልኩሽ። አሁንም አላበቃሁም፤ ሰባት ዓመት እንኳ እናት ሆነሻል፣ ይህንንም ያላገኘ ስንት አለ አልኩሽ። ይህችን የመጨረሻዋን ከአፌ ብመልሳት በወደድኩ። ቀና ብለሽ አየሽኝና፣ ጨረስሽ? አልሽኝ። አዎ ስልሽ፣ እንግዲያው በሩ ያውልሽ አልሽኝ። አልጮኽሽም። ብትጮኺብኝ ይሻለኝ ነበር።

ተቀይሜ ወጣሁ። አዎ፣ እኔ ተቀየምኩ! ላጽናና ሄጄ ተባረርኩ እያልኩ ለሰሚው ሁሉ አወራሁ። ከዚያም የባሰ አድርጌያለሁ፤ ሰው ነግሮሽ ይሆናል፣ ካልነገረሽም ከእኔ ስሚው። የድንቡሼን ሞት በምስክርነት ሰዓት መድረክ ላይ ወጥቼ ተናግሬበታለሁ። አንዴ እኛው ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለተኛ ደግሞ እዚህ በመጣን በመጀመሪያው እሑድ። እኛ ጋ ሰው አለቀሰ፣ ወንጌላዊውም እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ። እዚህ ግን ማንም አልተነቃነቀም፣ እንዲያውም አንዳንዶቹ ወለል ወለሉን አዩ። ስለ እኔ ማፈራቸው እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ልጁ ያንቺ ነው፣ ኀዘኑም ያንቺ ነው፤ ሳላስፈቅድሽ ወስጄ የራሴ አስመሰልኩት። ይቅር በይኝ።

አሁን ስለ አንዲት ሴት ልንገርሽ። ልብስ ጠጋኝ ናቸው፣ እኔ እማማ ነው የምላቸው። እንዳንቺ መኪና የላቸውም፣ በእጃቸው ነው የሚሰፉት። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት ካቃታቸው ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ጎረቤታቸው ጠዋት ወደ ሥራዋ ስትሄድ አሥር መርፌ ክር አስገብታ፣ ትራስ ላይ ሰክታ ትተውላቸዋለች። የአሥረኛው መርፌ ክር ሲያልቅ የእሳቸውም ሥራ ያበቃል፤ ፀሐዩ ገና መሃል ሰማይ ላይ እያለ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ይህን ስሰማ አንቺ ትዝ አልሽኝ።

ሐኪሙ የቅርብ ማያ መነጽር አዘዘላቸው። እሳቸው ዝቅ ያለችው የተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ እኔ ከፊታቸው ቆሜያለሁ። መነጽሩን ጆሯቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ሰው የቅርብ መነጽር ሲያደርግ መጀመሪያ የሚያየው የገዛ እጁን ነው፤ በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዬ ሌላ አላየሁም። እማማ ግን ያዩት የእኔን ቀሚስ ነው። አንቺ የሰፋሽልኝን ሰማያዊውን ለብሼ ነበር፤ የጎን ስፌቱ በቀጥታ ዓይናቸው ፊት ነው። ብዙ አዩት። ከዚያ ጣታቸውን አነሱና ከብብቴ ሥር እስከ ወገቤ ድረስ ስፌቱን ቀስ ብለው ተከተሉት። እንደገና ወደ ላይ ተመለሱበት። ቀና ብለውም ወደ ፊቴ ተመለከቱ፤ በዚያ መነጽር ፊቴ ብዥ እንደሚልባቸው አውቃለሁ፣ ግን ዓይናቸውን አልነቀሉም። ለአስተርጓሚዋ አንድ ነገር ነገሯት። አስተርጓሚዋ እኛ አገር ተምራ የተመለሰች መምህርት ናት፣ ቋንቋችንን እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው። ያን ቀን ግን ተንተባተበች፤ አመሰግናለሁ ነው የሚሉሽ አለችኝ። አመሰግናለሁ ለማለት ይህን ያህል መናገር ያስፈልጋል እንዴ ብዬ ገርሞኝ ነበር፤ ወረፋው ረጅም ስለነበረ ተውኩት።

በማግስቱ ጠዋት በሬን ስከፍት እማማ ደጄ ላይ ቆመዋል። ሳፋ ይዘዋል፣ መነጽራቸውን አድርገዋል። አንገታቸውን ዝቅ አደረጉልኝና ገቡ፤ ወንበሩ ላይ የከመርኩትን የቆሸሸ ልብስ ሰብስበው ወጡና ቧንቧው ሥር ዘፈዘፉት። እትዬ ሙች፣ እስኪ አስቢው! እናቴ የሚሆኑ ሴት፣ የውስጥ ልብሴን ሳይቀር፣ ሰፈር እያየ! አንቺ ያሳደግሽኝ ልጅ ዝም ብዬ ላይ ነው? እየሮጥኩ ሄጄ፣ ኧረ በእግዚአብሔር፣ ኧረ በሞቴ ይተዉ እማማ፣ እያልኩ ሳፋውን በአንድ በኩል ያዝኩ። እሳቸው ወደዚያ ይስባሉ፣ እኔ ወደዚህ እስባለሁ። እኔ እንደኛ መስሎኛል፤ ተዪ፣ አልተውም ተባብለን ተጓትተን በመጨረሻ አንዳችን ስንሸነፍ የምንሳሳቀው ዓይነት ነገር። በረታሁባቸው። ሳፋውን ነጥቄ፣ እየሳቅኩ አቅፌ ጉንጫቸውን ሳምኳቸውና የቀረውን ራሴ አጠብኩት። እማማ እጃቸው ላይ የቀረውን አረፋ በቀሚሳቸው ጠረጉ። መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱና ሄዱ። ቧንቧው ጋ የነበሩት ሴቶችም ባልዲያቸውን ሳይሞሉ አንድ በአንድ ሄዱ። እኔ ሞኟ ጨዋነቴን ያዩልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ከሰዓት በኋላ ግን አንገቱን ዝቅ የሚያደርግልኝ ሰው ጠፋ። ወንበር የሚስብልኝም አልነበረም። ምን አጠፋሁ ብዬ አስተርጓሚዋን ያዝኳት። መጀመሪያ ልትሸሸኝ ሞከረች፤ እኔን መሸሽ እንደማይቻል ስታውቅ ተናገረች። እነሱ ዘንድ ኀዘን የገባበት ቤት የሚሄድ ሰው አይናገርም። ያልታጠበውን ያጥባል፣ ያልተጠረገውን ይጠርጋል፣ ይሄዳል። ኀዘንተኛው ቁጭ ብሎ ማየት ብቻ ነው ያለበት። ሥራውን ከእጁ ነጥቆ ያስቆመው እንደሆነ፣ ኀዘኔ ውስጥ አትግባብኝ፣ ደጄም አትድረስ ማለቱ ነው። እኔ እኮ ኀዘንተኛ አይደለሁም፣ የሞተው የእኅቴ ልጅ ነው፣ እሱንም አልቅሼ ጨርሻለሁ አልኳት። አስተርጓሚዋ ጫማ ጫማዋን እያየች፣ እማማ ያን ቀን ያሉት አመሰግናለሁ አልነበረም አለችኝ። የዚህችን ልጅ ልብስ ማን ነው የሚያጥብላት? ነው ያሉት አለችኝ።

እማማ በተቀመጡባት ትንሽ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃቸው ስላት አስተርጓሚዋ ደንግጣ እጄን ያዘችኝ፤ እባክሽ፣ በተለይ አንቺ እንዳትናገሪ አለችኝ። የሚደረገው ሌላ ነው አለች። በርሽን ትከፍቻለሽ፣ ሥራሽን ሳትሠሪ ደጅ ላይ ታስቀምጫለሽ፣ ትጠብቂያለሽ። መምጣት የፈለገ ይመጣል።

ልብሴን ከምሬ፣ ያልታጠበ ሳህኔን ከላዩ አድርጌ፣ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። እንግዳ ሲመጣ የተዝረከረከውን አልጋ ሥር ወርውሪ እያልሽ ያስተማርሽኝ ሰው መሆኔን አትርሺ። አላፊ አግዳሚው ሲያየው ፊቴ ይቃጠላል። ወንጌላዊው ሊረዳኝ ብሎ ሳህኑን ሲያነሳ፣ ንካውና ጉድ ይፈላል ብዬ ጮኽኩበት፤ አሞኛል ብሎ ጸለየልኝ። የመጀመሪያው ቀን ማንም አልመጣም። በሁለተኛው ቀን ሁለት ሴቶች ባልዲያቸውን ይዘው መጥተው ቆሙ፣ ክምሩን አዩ፣ ሄዱ። ያን ጊዜ እትዬ፣ ደጅሽ የቆምኩ ያህል ተሰማኝ።

በሦስተኛው ቀን እማማ ሳፋቸውን ይዘው መጡ። እኔ ያችን የምትወዛወዝ ወንበር በሩ ላይ አውጥቼ ተቀመጥኩ። እጄን የማደርግበት ጠፋኝ፤ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት፣ ሥሬ ከተትኩት፣ መልሼ አወጣሁት። እማማ ሁሉንም አጥበው ሲጨርሱ ሰማያዊውን ቀሚስ ለብቻው በአዲስ ውሃ አጠቡት። ገልብጠው፣ ስፌቱን ወደ ፀሐይ አድርገው አሰጡት። እኔ ያኔ አለቀስኩ፤ ድምፅ አውጥቼ፣ ሰው አየኝ አላየኝ ሳልል። እማማ ዞር ብለው አላዩኝም። አንዷ ሴት መጥታ ደጄን ጠረገች፣ ሌላዋ ባልዲዬን ሞልታ አስቀመጠችልኝ። ይብቃሽ ያለኝ የለም። ልናስተምር መጥተን እኔ ሳፋ መልቀቅ ተማርኩ።

እምነቷ ላላ እንዳትዪኝ። እጸልያለሁ፤ ላንቺም ስምሽን እየጠራሁ እጸልያለሁ። ወንጌላዊው ባለፈው እሑድ ያችን ምስክርነት ድገሚልን ሲለኝ ግን እምቢ አልኩት። ለምን ሲለኝ፣ የእኔ አይደለችም አልኩት። ጉባኤው ሲያልቅ አዳራሹን መጥረግ ጀመርኩ። ትንሽ ቆሞ አየኝና፣ ምን እንደታየው እንጃ፣ ዝም ብሎ አግዳሚ ወንበሮቹን ያነሳልኝ ጀመር።

እንግዲህ እትዬ፣ በገባሁ ማግስት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ደጅሽ እደርሳለሁ። አልናገርም። እውነቴን ነው፣ ራዲዮኗ ባትሪዋን አውጥታ ነው የምትመጣው። እንድታናግሪኝም አልለምንሽም። ብቻ እንድገባ ከፈቀድሽ፣ ወይም ልታስቢበት እንኳ ከሆነ፣ የዓርቡን ሳህን ሳታጥቢ ሳፋው ውስጥ በረንዳ ላይ ተዪልኝ። ላንቺ ከባድ ነው፤ ሳህን ሳይታጠብ ካደረ እንቅልፍ የማይወስድሽ ሴት ነሽ። ሳፋው ታጥቦ ተደፍቶ ካገኘሁት ደግሞ አልቀየምም። እመለስና በሚቀጥለው ቅዳሜ እመጣለሁ። የሹራቡን ቁልፍ ግን አልነካም፣ እሱ ያንቺ ነው።

ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሼ ነው የምመጣው። ጎንበስ ብዬ ሳጥብ የጎን ስፌቱን እዪው። ልትቆጪኝ ትችያለሽ፤ አንቺ የሰፋሽውን ልብስ ለሌላ ሰፊ ሰጥቻለሁ፣ ያውም ሁለቴ። መጀመሪያ የሰጠሁት ድንገት ላስደስትሽ ብዬ ነበር፤ አንቺ ጋ ባመጣው ሜትርሽን ወገቤ ላይ ስታዞሪ ታውቂብኛለሽ። ስምንት ዓመት ልጅ አብረሽኝ ጠብቀሽ የለ? ሰውየውን ሰፋ አድርግልኝ ስለው እሰይ አለኝ። ድንቡሼ ሊታመም አሥር ቀን ሲቀረው መልሰህ አጥብብልኝ ብዬ ወሰድኩለት፤ ያኔ ምንም አላለኝም። ቤትሽ ያመጣኋቸው እነዚያ ቃላት በሙሉ፣ በእነዚያ አሥር ቀናት ጠዋት ማታ ለራሴ ስላቸው የከረምኳቸው ናቸው። ለእኔም አልሠሩልኝም፤ ሌላ ስላልነበረኝ ነው ላንቺ ያመጣሁልሽ። ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም የምነግርሽ። መርፌው ጨርቁ ላይ የበሳው ቀዳዳ በሁለት ረድፍ እንዳለ ነው፣ አንቺም እንደ እማማ ስፌት ማንበብ ታውቂበታለሽ።

ሰውየው ያጠበበው ደግሞ አልበረታም፤ ከብብቴ ሥር ተተርትሯል። እማማ ሊጠግኑልኝ መርፌ አውጥተው ነበር። ፎቶሽን አሳየኋቸው፤ እኅቴ ናት፣ ሰፊ ናት አልኳቸው በምልክት። ፎቶሽን ወደ መነጽራቸው አስጠግተው አዩሽና መርፌውን መልሰው ኮሌታቸው ላይ ሰኩት። ሳላስጠግነው ነው የምመጣው።

አምላክ ወገብሽን ያበርታልሽ፤ እጅሽ አይድከም፣ ዓይንሽ አይፍዘዝ፤ ባለቤትሽን ያኑርልሽ። በትልቁም በትንሹም ያሳደገችኝን እጅሽን ስሜያለሁ።

ታናሽሽ፣
ራዲዮኗ